አባባና ሦስቱ የጌም ቤት መሪዎች

ለእታለም ካሰች፣

እንዴት ነሽ እታለም? የጅግጅጋ ነፋስ እንዴት ይዞሻል? ያ ክረምቱን ሙሉ ያስቸገረሽ ሳል ለቀቀሽ፣ ወይስ እንደ ግትር ተከራይ አሁንም ደረትሽ ላይ ተቀምጧል? ባለቤትሽ ሀይለመለኮትስ ጉልበቱ ተሻለው? ሂዊ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? ትንሹስ እግር ተከለ ወይ? አንዳችሁን ሳልጠይቅ እንዳላልፍ ፈርቻለሁ፤ እማማ ከኋላዬ ቆማ የጎረቤታችሁንም ልጅ ጠይቂ ትለኛለች፤ ስሟን ግን ራሷም አታስታውሰው። እዚህ ማርቆስ ብርዱ ጠንክሯል፤ ጠዋት ጠዋት ከጮቄ በኩል የሚመጣው አየር አፍንጫ ይቆርጣል። ይሁን እንጂ ሁላችንም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ደህና ነን ስልሽ እንደ ስልኩ "ደህና ነን" እንዳትወስጂብኝ። የስልኩን ታውቂዋለሽ፤ አባባ ከአጠገቤ ተቀምጠው ጆሯቸውን አቁመው እያዳመጡ የምለው ነው። ይኼኛው የደብዳቤ ደህና ነው፤ አባባ ሳይሰሙኝ የተጻፈ። ለዚህም ብዬ ነው ስልኩን ትቼ ወረቀት ያነሳሁት። ጓደኛዬ ጥሩብርሃን ለሥራ ወደ እናንተ ከተማ ስለምትመጣ በእጇ ይደርስሻል። ረዘም ይላል፤ ልጆቹን አስተኝተሽ አንብቢው።

በመጨረሻ ስንደዋወል ሁለት ነገር ነበር የጠየቃችሁኝ። አንቺ "ቁልፉን ከአባባ ቀምታችሁ መኪናውን ሽጡት፤ አባቴን ከዓባይ ገደል አስወጥቼ አልቀብርም" ብለሽ አለቀስሽ። ሀይለመለኮት ደግሞ ስልኩን ከእጅሽ ወሰደና፣ ሊያስቅሽ ብሎ ይሆናል፣ ገበያ ላይ የመኪና ጌም መሪ እንዳየና የትኛው ዓይነት እንደሚሻል ጠየቀኝ። እኛ እዚህ በጭንቅ ተይዘን እሱ ስለ መጫወቻ ያወራል ብዬ በሆዴ ተቀይሜው ነበር። ይቅር ይበለኝ። አሁን የአንዱን ጥያቄ ስመልስ የሌላውን ሳልነካ ማለፍ አልችልም።

የአባባን ነገር ካንቺ የሚያውቅ የለም። እኛ ሳንወለድ ጀምሮ ጤፍ ጭነው ዓባይን ወርደው ሲወጡ አንድ ሰው፣ አንድ ከብት ነክተው አያውቁም። ከክረምቱ ወዲህ ግን ነገሩ ተለወጠ። የግራውን ስፖኪዮ ራሳቸው ባቆሙት የግቢያችን በር ሰበሩት፤ አስጠግነው ሳይውል ሳያድር እዚያው ደገሙት። በሩ ዘሟል አሉ። ቀጥሎ ሉማሜ መግቢያ ላይ አንድ ጋሪ በግራ በኩል ገፍተው ቦይ ውስጥ ከተቱት፤ ሰውም ፈረሱም ተረፉ፤ ጋሪው ያለቦታው ነበር አሉ። እማማ ዓይንዎን ይታዩ ብትላቸው መርፌና ክር አምጪ አሉና እፊቷ በአንድ ጊዜ ቀዳዳው ውስጥ አስገቡት። ከዚያ በኋላ ማን ይናገራል? የድሮ ረዳታቸው የሽዋስ እንኳን፣ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ስንት ጊዜው፣ ልንዳልዎት ለማለት አፉን ሊከፍት ይልና መልሶ ይዘጋዋል። እሳቸው ግን ከጥምቀት በኋላ ጤፍ ጭኜ አዲስ አበባ እወርዳለሁ እንዳሉ ናቸው።

ከአብሮ አደጌ ከየኋላሸት ጋር የከፈትነውን ጌም ቤት አላየሽውም። ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ነው፤ ደጁ ላይ ጆተኒ፣ ውስጡ እርስ በርስ የተገናኙ ሁለት ፕሌይስቴሽን ከነቴሌቪዥናቸው። የኋላሸት ሰው ይስባል፤ እኔ የተማርኩት ኤሌክትሪክ ሥራ አግኝቶ የተበላሸ እከፍታለሁ፣ አጸዳለሁ፣ እገጥማለሁ። አባባ "የሥራ ፈት ቤት" ነበር የሚሉት፤ አልፈርድባቸውም፤ ገብተውበት አያውቁም ነበር።

ያስገባቸው የመጀመሪያው መሪ ነው። የኋላሸት ከአዲስ አበባ አሮጌ መሪ ገዝቶ መጣ፤ እኛም የባሕር ዛፍ ጠረጴዛ ላይ ጠፍረን ሥራ አስጀመርነው። እታለም፣ ይህ መሪ ዝም ብሎ የሚዞር ክብ ፕላስቲክ አይደለም። ውስጡ ሞተር አለው፤ ጌሙ ላይ ጎማሽ ጠጠር ሲረግጥ፣ ኩርባ ሲከብድሽ፣ ግንብ ስትመቺ መሪው መልሶ እጅሽን ይገፋል፣ ይስባል፣ ያንቀጠቅጣል። ጠረጴዛችን ይህን አልቻለም፤ ኩርባ በመጣ ቁጥር ከነመሪው ይሸሻል። እውነተኛ ወንበርና የብረት እግር ያስፈልገዋል ብዬ መጋዘን የተጣለውን የመኪናችንን አሮጌ ወንበር ለመንኳቸው። እንደምታውቂያቸው የእኛን ልኬት አላመኑም፤ ወንበሩን በባጃጅ ጭነው፣ በያጁንም አስከትለው ራሳቸው መጡ።

ብየዳው ካለቀ በኋላ ቁመቱን ልይ ብለው ተቀመጡና እጃቸውን መሪው ላይ አሳረፉ። እኔ ደግሞ ሳላስብ አበራሁት። ይህ መሪ ሲበራ መሀሉን ለማወቅ ብሎ በራሱ ጊዜ ግራ ጥግ ድረስ፣ ቀኝ ጥግ ድረስ ይዞርና ይመለሳል። አባባ እጃቸውን ከእሳት እንዳወጣ ሰው ሰብስበው አማተቡ፤ "ማነው የሚነዳው?" አሉ። ለጨዋታ የመጡት የሰፈር ልጆች ሳቃቸውን ሊይዙ ግድግዳ ግድግዳውን አዩ። አሠራሩን ሳስረዳቸው "መንገዱ ይናገራል በይኛ" ብለው አንድ ዙር ልሞክር አሉ።

ይህ የመጀመሪያው ባለ ጥርሱ ነው፤ የሞተሩን ጉልበት ወደ እጅሽ የሚያደርሱት እርስ በርስ የተነከሱ ጥርሶች ናቸው። ፈትቼ አይቼዋለሁ፤ አከብረዋለሁም። ላብ ያጠመቀው እጅ ሁሉ ቀኑን ሙሉ ሲያንገላታው ይውላል፣ አንድ ቀን አሞት አያውቅም፤ እንደ በቅሎ ነው። ጠባዩም እንደ በቅሎ ነው፤ ግትር ነው፣ ቀርቀርታው ሽምብራ እንደሚከካ ወፍጮ ጎረቤት ይሰማል፣ መሀሉ ላይ ደግሞ ላላ ይላል። የሚያሳዝነው ጠጠሩንም ግጭቱንም በአንድ ዓይነት መንቀጥቀጥ ነው የሚነግርሽ፤ ምን እንደነካሽ ለመለየት ዓይንሽን መጠየቅ አለብሽ። መብራት ሲጠፋ እጅሽ ላይ ሙት ይሆናል፤ አባባ ይህን ሲያዩ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ የጠፋ መኪና መሪ እንዲህ ነው ብለው ለልጆቹ ረጅም ትምህርት ሰጡበት።

አነዳዳቸውንስ ብታዪ! ጌሙ ላይ የተራራ መንገድ መረጥንላቸው። ውድድር ነው ብንላቸውም ከባድ ማርሽ አስገብተው፣ በየኩርባው ክላክስ እያደረጉ፣ ዓባይን እንደሚወርዱ አድርገው ወረዱት። ከኋላ የመጣ መኪና ሲጠጋቸው ቸኩሏል ብለው ዳር ይይዙና፣ ቴሌቪዥኑ ፊት በእጃቸው እለፍ ይሉታል። ዳገት ላይ ሲሆንማ ለሚወጣ ቅድሚያ ይሰጣል ብለው ከነጭራሹ ይቆማሉ። መጨረሻ ወጡ። ልጆቹ ሆዳቸውን ይዘው መሬት ተቀመጡ፤ እሳቸውም ሳቁ፤ እታለም፣ አባባ ከክረምት ወዲህ እንደዚያ ሲስቁ አላየሁም። "ዓባይ ላይ ቀድሞ መድረስ የሚባል ነገር የለም፤ መድረስ ብቻ ነው ያለው" አሏቸው። በማግስቱም መጡ፤ በማግስቱም። ልጆቹ እሳቸው ሲገቡ ወንበሩን ይለቃሉ፤ ሳይታወቃቸው እነሱም በየኩርባው ክላክስ ማድረግ ጀመሩ፤ ቤቱ የሠርግ አጀብ መሰለ።

አንድ ነገር ግን ነበር። ጨዋታው ሲያልቅ የአባባ መኪና ሁልጊዜ ግራ ጎኑ የተጨረማመተ ነው። መሪሽ ወደ ግራ ይስባል አሉኝ። ፈታሁት፣ ግራሶ ቀባሁት፣ ለካሁት፤ ምንም የለውም። አስተካክዬዋለሁ አልኳቸው።

ሁለተኛው መሪ የኋላሸት አጎት ከዱባይ የላኩት ነው። መጀመሪያ የላኩት ለሌላ ኮንሶል፣ ለሌላ ዓይነት የጌም ማሽን፣ የተሠራ ሆኖ ከእኛው አልናበብ አለና፣ መልሰን ልከን እስኪቀየር ጠበቅን፤ ሀይለመለኮት ይህን ልብ ይበል። ይህኛው ባለ ቺንጋ ነው። ሞተሩ መሪውን የሚያዞረው መኪና ውስጥ እንዳለችው ዓይነት ቺንጋ፣ በላስቲክ ቀበቶ ነው፤ ስለዚህ ቀርቀርታ የለ፣ መንገጫገጭ የለ፣ እንደ ቅቤ ይሄዳል። አስፋልቱ ሲያልቅና ጠጠሩ ሲጀምር መዳፍሽ ላይ ይለይልሻል። በዚህ ላይ ተቀምጦ ወደ ባለ ጥርሱ መመለስ የሚፈልግ ልጅ ጠፋ፤ ተራ እስክናወጣ ድረስ ተጣሉበት። ሁለት ጉድለት አለው። አንዱ፣ ብዙ ሲጫወቱበት ይግልና የፋሲካ ለት በልቶ እንደተነሣ ሰው ይዝላል። ሁለተኛው፣ ትሑት ነው፤ ግጭቱን እንደ አስታራቂ ሽማግሌ አለስልሶ ነው የሚያደርስሽ። አባባ ወደዱት። ግራ ጎናቸው ሲነካ ግን ምን እንደሆነ ሳይገባቸው መንገዱ ነው እያሉ ያልፉት ጀመር።

ከልጆቹ አንዱ ወደ ጎን ጠርቶኝ "ጋሼ ግራቸውን አያዩም" አለኝ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ አባባ ሲነዱ ልጆቹ ሁሉ በግራቸው ማለፍ ተዉ። ማን እንደመከረ፣ መቼ እንደተስማሙ አላውቅም። ሁሉም በቀኝ ያልፋሉ፤ መንገዱ ጠቦ በቀኝ የማያሳልፍ ከሆነ ከኋላቸው ተሰልፈው ያዘግማሉ። እነዚህ ሰፈሩ ሁሉ ስድ እያለ የሚረግማቸው ልጆች ናቸው። አንድ ሽማግሌ እንዳያፍሩ ብለው እየተሸነፉ ሲነዱ ሳይ ጓሮ ሄጄ አለቀስኩ። ይሉኝታ አገር ሙሉ የጠፋ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እኛ ጌም ቤት ውስጥ ተቀምጧል።

ያው ይሉኝታ ግን ሊገድለን ነበር። አንድ ቀን አባባ ጨርሰው ሲያዩ መኪናቸው አንድ ጭረት የላትም። ተነሥተው ቴሌቪዥኑን በጣታቸው እያሳዩ "አየሽ ወንጌል? መሪው ነበር እንጂ እኔ አልነበርኩም" አሉኝ። ፊታቸው እንዴት እንደበራ! ያንኑ ዕለት የሽዋስን ጠርተው ሸራና ገመዱን እንዲያዘጋጅ አዘዙት። የልጆቹ አክብሮት ለዓባይ ቁልቁለት ማረጋገጫ ሆነላቸው። ልንገራቸው ብል እነዚያ ልጆች ፊት እንዴት ይቆማሉ? ዝም ብል የት ድረስ ነው ዝም የምለው? እራት ላይ ቆርጬ ተነሣሁና አፌን ከፍቼ ስለ ሽሮው ጨው አወራሁ። ፈሪ ነኝ እታለም፤ አንቺ ብትኖሪ ትናገሪ ነበር።

ሦስተኛው መሪ የመጣው ያን ጊዜ ነው። መሳፍንት የሚባል ከሐዋሳ የመጣ አዲስ የዩኒቨርሲቲ መምህር አለ፤ ውጭ አገር ሲማር የገዛው የራሱ መሪ ነው። ከገና በኋላ ባለው እሑድ ውድድር እናድርግ ብለን ስንነሣ በደስታ አመጣው። ስለዚህኛው እንዴት አድርጌ ልንገርሽ? ጥርስ የለው፣ ቺንጋ የለው፤ መሪው በቀጥታ ከሞተሩ ዘንግ ላይ ተቀምጧል፤ በመካከላቸው የሚያለሰልስ የለም፣ የሚያዛባ የለም። ክብደቱ የወፍጮ መጅ ያህላል። በሙሉ ኃይሉ ስሞክረው ከእጄ ነጥቆ ዞረና አውራ ጣቴን ሊነቅለው ደረሰ፤ መሳፍንት ኃይሉን ወደ ግማሽ አወረደውና አውራ ጣት ወደ ውስጥ አይገባም ብሎ አያያዙን አሳየኝ። ብረቱን በሌላ ብረት ደግፈን እንደገና በየድነው። ከዚያ ስነዳ እታለም፣ የኋላ ጎማዬ ሊንሸራተት ገና ሲያስብ መዳፌ ላይ አወቅሁት። ቴሌቪዥኑ እስኪያሳየኝ እጄ አስተካክሎ ጨርሶ ነበር። የእያንዳንዱን ጠጠር መጠን ትለያለሽ፤ እርጥብ አስፋልትና ደረቅ አስፋልት ለየብቻ ይናገራሉ። እንዲህ ያለውን ነገር ያሰበ አእምሮ፣ የሠራ እጅ ይባረክ አልኩ፤ ሥራዬን የወደድኩት የዚያን ቀን ነው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቤቱ ጢም አለ። መሳፍንት ትልቁ ሰው ይጀምሩልን ብሎ አባባን በራሱ መሪ ላይ አስቀመጣቸው፤ እሱ በሌላው ኮንሶል በባለ ቺንጋው ያዘ፤ ሁለት ልጆች ደግሞ በጆይስቲክ። አባባ ጥቂት እንደነዱ ወሬያቸውን አቆሙ። "ይኼ መኪና ነው" አሉ በቀስታ። ልጆቹ እንደለመዱት በቀኝ አለፉ። መሳፍንት ግን እንግዳ ነው፤ የቤቱን ሕግ ማንም አልነገረውም። ውድድር እንደሚነዳ ሰው በግራቸው ገብቶ ጎን ለጎን ሄደ። አባባ ኩርባውን ሊይዙ ቀስ ብለው ወደ ግራ ሳቡ፤ መሪው አንድ ጊዜ ጓ ብሎ እጃቸውን እስከ ትከሻቸው አናወጠው።

ፍሬን ያዙና ዳር አውጥተው አቆሙ። ምን መታሁ ብለው ጠየቁ። መሳፍንት ምንም ሳይጠረጥር "እኔን ነው ጋሼ፤ ከግራዎ ነበርኩ፤ ክላክስም አድርጌያለሁ፤ ቆየሁ እኮ" አላቸው። ልጆቹ አንገታቸውን ደፉ። አባባ እነሱን አላዩም፤ እኔን ነው ያዩኝ፤ ዓይኔን ልሰብር ስል ያዙኝ። ከዚያ ለመሳፍንት እስቲ እንደገና በዚያው በኩል ና አሉት። መጣ። ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ መኪናው ሲጠጋቸው ያያል፤ እሳቸው አያዩም። መሪው ደግሞ መታቸው።

እኔ መሪውን ይወቅሳሉ ብዬ ነበር የጠበቅሁት። "ይኼስ አልዋሸኝም" አሉ፤ "እጄ አውቋል። ዓይኔ ነው ያልነገረኝ።" ግራ እጃቸውን ከመሪው አንሥተው ወደ ጎን ዘረጉ። ዓይናቸውን ቴሌቪዥኑ መሀል ላይ ተክለው እጃቸውን ቀስ እያደረጉ ወደ ፊት አመጡት። አፍንጫቸው አጠገብ እስኪደርስ የገዛ እጃቸውን አላዩትም። መልሰው ዘረጉት፤ ያው ነው።

ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞረው ታውቁ ነበር ወይ አሏቸው። "ልጆቼ፣ አክብራችሁኛል፤ እግዚአብሔር ያክብራችሁ" አሉ። "ዓባይ ላይ ከግራዬ የሚመጣው መኪና ግን አያከብረኝም።" ሲነሡ ሁሉም አብሮ ተነሣ። መሳፍንት ያጠፋ መስሎት ይቅርታ ሊጠይቃቸው ሲል ትከሻውን ይዘው ሳሙት።

በማግስቱ ሳልቀሰቅሳቸው ተነሥተው ጋቢያቸውን ለብሰው ጠበቁኝ፤ ሆስፒታል ሄድን። ነገሩ ከዓይናቸው አይደለም። ጭንቅላታቸው ውስጥ አንዲት ቀጭን የደም ሥር ተዘግታ የሁለቱንም ዓይን ግራ በኩል ወስዳዋለች። ሐምሌ ላይ ራሴን ፈለጠኝ ብለው የዋሉበትን ቀን ታስታውሺያለሽ፣ በስልክ ነግሬሽ ነበር፤ ያን ጊዜ ሳይሆን አይቀርም አሉን። የደም ግፊታቸውም ከፍተኛ ነበር። የሄደው ብርሃን መመለሱ ያጠራጥራል፤ ግን መድኃኒት ጀምረዋል፣ እማማም ጨው ከቤት አጥፍታለች፤ በጊዜ ባይታወቅ ትልቁ ይመጣ ነበር ብላናለች ሐኪሟ። እንዴት አወቁት ብላ ስትጠይቃቸው አባባ ምን ቢሏት ጥሩ ነው? "ልጄ ጌም ቤት አላት።" እኔን እንደ መሥሪያ ቤት ኃላፊ አድርገው ነው የተናገሩት፤ በደስታ ወዴት እንደማይ ጠፋኝ።

እንግዲህ ሀይለመለኮትም መልሱን ይስማ። ከመግዛትህ በፊት ያለህን ኮንሶል ስም ጽፈህ ሂድና ሻጩ ፊት አገጣጥመህ ሞክር፤ እንደ እኛ አትሞኝ። ለልጆቹ ከሆነ ባለ ጥርሱን ግዛ፤ ሂዊ ብትቆምበትም አይሰበርም። ራስህ ደክመህ ስትገባ ልትደሰትበት ከሆነ ባለ ቺንጋው የልብ ነው። ባለ ቀጥታው ከሁለቱም ይበልጣል፤ ግን ጠንካራ ብረት፣ የታረመ አውራ ጣትና እውነት የሚችል ሰው ይፈልጋል። እኔን ብትጠይቀኝ ሌላ መሪ በዓይኔም አይሞላ።

መኪናውን አልሸጥነውም እታለም፤ አትቆጪ። የጥምቀት ማግስት ሚካኤልን አንግሠን ገባን፤ በነጋታው ጠዋት ጤፉ ተጭኖ፣ ሸራው ተጠፍሮ ደጃችን ቆመ። አባባ ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡና በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው ለየሽዋስ ሰጡት። እሳቸው ደጀን ድረስ አብረው ሄደው፣ ዓባይን ሳይወርዱ በሚኒባስ ሊመለሱ ነው። እግራቸው በልማዱ ወደ ግራው በር ወሰዳቸው፤ ቆም አሉ። ከዚያ በመኪናው ፊት ዞረው ወደ ጋቢናው በር ሄዱና እጀታውን ሳቡት። አልተከፈተም። ደግመው ሳቡት፤ አልተከፈተም። ያ በር እጀታው ወደ ላይ ተደርጎ በጉልበት ገፋ ካላደረጉት እንደማይከፈት እኔም አንቺም ከሕፃንነታችን ጀምሮ እናውቃለን፤ ጋቢና የተሳፈረ የጎጃም ሰው ሁሉ ያውቃል። እሳቸው ብቻ አያውቁም። ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚያ በር ገብተው አያውቁምና። የሽዋስ ሮጦ መጣ፤ ግን ይክፈትላቸው ወይስ ያላየ ይምሰል ጨንቆት አጠገባቸው ቆመ። አባባ አዩትና "አሳየኝ እንጂ" አሉት። አሳያቸው፤ ገቡ።

ለሀይለመለኮት ጉልበቱን እንዲያሞቅ ንገሪልኝ። ሂዊን ጉንጯን፣ ትንሹን ደግሞ እግሩን ሳሚልኝ። ለዚያች እማማ ስሟን ላልያዘችው የጎረቤት ልጅም ሰላም በይልኝ። የኋላሸት ሰላም ብሎሻል፤ የሽዋስም ከመሄዱ በፊት ለእታለም ሰላም በይልኝ ብሎኛል። እማማ አሁንም ከኋላዬ ቆማለች፤ ጨው ቀንሱ በያቸው ትላለች፤ አሁን የማርቆስን ሰው ሁሉ ጨው ልታስጥል ነው። አባባ ለካሰች ልጽፍላት ነው ስላቸው ብዙ አሰቡና ይህን አሉ፦ "ልጄ አታልቅሽ በያት። ቁልፉን ማንም አልቀማኝም፤ በእጄ ሰጠሁ።"

እህትሽ ወንጌላዊት
ደብረ ማርቆስ፣ ጥር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.